ያውቁ ኖሯል? ወደ 40 ጊዜ ተሸንፈው አገር ያስደመሙት «ሎርድ»

ለእንግሊዝ ፓርላማ ወደ 40 ጊዜ ያህል ተወዳድረው አንድም ጊዜ ያላሸነፉ፣ ፓርቲያቸውን ግን 16 ዓመት ሙሉ የመሩ ሰው እንደነበሩ ያውቁ ኖሯል? ስክሪሚንግ ሎርድ ሰች ይባላሉ። «ጯሂው ሎርድ ሰች» እንደማለት ነው! ፓርቲያቸው ደግሞ ሞንስተር ሬቪንግ ሉኒ ፓርቲ፣ በአማርኛ «የለየላቸው እብዶች ፓርቲ» ቢባል ያስኬዳል። ቀልድ እንዳይመስልዎት! ስሙ በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ከታላላቆቹ ፓርቲዎች ጎን ታትሟል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሎርድ ሰች ሎርድ አልነበሩም! ማዕረጉን የሰጣቸው ንጉሥም ንግሥትም የለም። ራሳቸው ለራሳቸው ሰጡ! አልበቃ ብሏቸው «የሃሮው 3ኛው ኧርል» የሚል ጨመሩበት። 1ኛውና 2ኛው የት አሉ? የሉም!

ትክክለኛ ስማቸው ዴቪድ ኤድዋርድ ሰች ነው። ኖቬምበር 10 ቀን 1940 ለንደን ላይ ተወለዱ። ጀርመን ከተማዋን በቦምብ የምትደበድብበት ወቅት ነበር! አባታቸው ፖሊስ ነበሩ። ልጃቸው አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ሞቱ። ያሳደጓቸው እናታቸው ናቸው፤ እናትና ልጅ እስከ መጨረሻው አልተለያዩም።

ከፖለቲካው በፊት ዘፋኝ ነበሩ። መድረክ ላይ የሚወጡት በምን እንደነበር ይገምቱ። ከሬሳ ሳጥን ውስጥ! ሳጥኑን በመጋረጃው መሐል ተሸክመው ያመጡታል፣ ክዳኑ ቀስ ብሎ ይከፈታል፣ ሎርዱ እየጮሁ ብድግ ይላሉ! አንዳንዴም ራሳቸው ላይ የጎሽ ቀንድ አለ። ፀጉራቸው ደግሞ ትከሻቸውን አልፎ ይወርዳል፤ ያውም የእንግሊዝ ወንድ ሁሉ አጭር በሚቆረጥበት ዘመን!

በ1963 «ጃክ ዘ ሪፐር» የሚል ዘፈን አወጡ። ርዕሱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለንደንን ያሸበረው ገዳይ ነው። ቢቢሲ ወዲያው አገደው!

ከኋላቸው ይጫወቱ የነበሩትን ልጆች ቢያዩ ደግሞ ይደነቃሉ። ባንዱ «ሳቬጅስ» ይባል ነበር። ጊታሪስቱ ሪቺ ብላክሞር ኋላ የዲፕ ፐርፕል መሥራች ሆነ። ፒያኒስቱ ኒኪ ሆፕኪንስ ለሮሊንግ ስቶንስ ተጫወተ። የዓለምን ሮክ ያናወጡ እጆች ከዚያ የሬሳ ሳጥን አጠገብ ነበር የሠለጠኑት!

በ1970 ያወጡትን አልበም ያውቁ ኖሯል? ከሌድ ዘፔሊን ጂሚ ፔጅና ጆን ቦናም ተጫወቱበት። ጄፍ ቤክ ተጫወተበት። ከጂሚ ሄንድሪክስ ጋር ይሠራ የነበረው ኖኤል ሬዲንግም አልቀረም። የሚገርመው ገና ነው! በ1998 ቢቢሲ ባካሄደው የሕዝብ ድምፅ ይኸው አልበም የዘመናት ሁሉ መጥፎ አልበም ተባለ! ሎርዱ በሙዚቃም በድምፅ ብልጫ ማሸነፍ አልሆነላቸውም።

አሁን ወደ ምርጫው። በ1963 የጦር ሚኒስትሩ ጆን ፕሮፉሞ በቅሌት ሥልጣናቸውን ለቀቁ። መንግሥት ሊወድቅ ደረሰ! የፓርላማ ወንበራቸው ክፍት ሆነ። ወንበሩ የየት ነበር ቢሉ የስትራትፎርድ አፖን ኤቨን፤ ሼክስፒር የተወለደበት ከተማ! ለማሟያ ምርጫው ከቀረቡት ዕጩዎች አንዱ ያ ከሬሳ ሳጥን የሚነሳው የ22 ዓመት ዘፋኝ ነበር። 209 ድምፅ አገኙ።

የዚያን ጊዜው ፓርቲያቸው «ብሔራዊ የአፍላ ወጣቶች ፓርቲ» ይባል ነበር። በዚያን ዘመን በእንግሊዝ 21 ዓመት ያልሞላው ሰው ድምፅ አይሰጥም! የ18 ዓመት ልጅ ወታደር መሆን ይችላል፣ ግብር ይከፍላል፣ የሚገዛውን ሰው ግን መምረጥ አይችልም። ዕድሜው ወደ 18 ይውረድ ብለው የተነሡት ሎርድ ሰች ናቸው። ትልልቆቹ ሳቁባቸው!

በ1966 ሎርዱ በማን ላይ ተወዳደሩ መሰልዎት? በራሳቸው በጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ በሃሮልድ ዊልሰን ላይ! ሃይተን በሚባለው የምርጫ ክልል 585 ድምፅ አገኙ። ሦስት ዓመት ቆዩና የዚያው የዊልሰን መንግሥት የመምረጫውን ዕድሜ ወደ 18 አወረደው! ማርች 1970 በብሪጅዋተር ማሟያ ምርጫ የ18 ዓመት ወጣቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ሰጡ። ሐሳቡን የሚደግፉ ሌሎች ብዙዎች ነበሩ፤ ይህ አይካድም። ግን በምርጫ አደባባይ የጮሁለትን ሰው መርሳት ግፍ ነው!

በባሕር ላይ የራዲዮ ጣቢያ የከፈቱ ፖለቲከኛ ሰምተው ያውቃሉ? ሎርድ ሰች ከፍተዋል! በ1964 ነው። ቴምስ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ቦታ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለፀረ አውሮፕላን መድፍ የተሠራ፣ በእግሮች ላይ የቆመ ባዶ ምሽግ ነበር። ያን ያዙና «ራዲዮ ሰች» አሉት!

ማታ ማታ ምን ያሰሙ ነበር ይመስልዎታል? «የሌዲ ቻተርሊ ውሽማ» የተባለውን ልብ ወለድ በንባብ! ያ መጽሐፍ ከጥቂት ዓመት በፊት ነውር ነው ተብሎ ፍርድ ቤት የቆመ ነው። አድማጩ በጨለማ ከባሕር መሐል ይሰማዋል!

ወራት ቆይተው ጣቢያውን ለሥራ አስኪያጃቸው ለሬጂናልድ ካልቨርት ሸጡት። ከዚያ የሆነው ግን ያሳዝናል። በ1966 በጣቢያው ባለቤትነት ጭቅጭቅ ተነሣና ካልቨርት በጥይት ተገደሉ። በዓመቱ መንግሥት የባሕር ላይ ጣቢያዎችን የሚያግድ ሕግ አወጣ።

ሎርዱ ግን «ከቢቢሲ ሌላ የግል ራዲዮ ይፈቀድ!» ማለታቸውን አልተዉም። በ1973 እውን ሆነ! በኦክቶበር ወር በለንደን ሁለት የንግድ ጣቢያዎች በየብስ፣ በሕጋዊ ፈቃድ፣ ሥርጭት ጀመሩ። በጣትዎ ቆጥረው ይያዙልኝ፤ ከመምረጫው ዕድሜ ቀጥሎ ከጮሁለት የተፈጸመ ይህ ሁለተኛው ነው!

በ1972 በዌምብሊ ስታዲየም በተደረገው ታላቅ የሮክ ኤንድ ሮል ድግስ ላይ እነማን ነበሩ? ቸክ ቤሪ፣ ሊትል ሪቻርድ፣ ጄሪ ሊ ሉዊስ፣ ቦ ዲድሊ፣ ቢል ሄሊ። ከእነሱም ጋር ሎርድ ሰች! ከሁለት ዓመት በፊት በለንደን እምብርት ለፓርላማ ተወዳድረው 142 ድምፅ ያገኙት ያው ሰው!

እንግሊዝ አገር ለፓርላማ ለመወዳደር የሚያስፈልገው ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? የ10 መራጮች ፊርማና የማስያዣ ገንዘብ፤ በቃ! ውጤቱ የሚነገረው ደግሞ ሁሉም ዕጩዎች መድረክ ላይ ተሰልፈው ነው። ሚኒስትሩም፣ ዘፋኙም፣ ማንም የማያውቀውም ጎን ለጎን ይቆማሉ። ቴሌቪዥን ያያቸዋል፣ የእያንዳንዳቸው ስም ይነበባል። ለእኔ ከዴሞክራሲ ጌጦች ሁሉ ይህን የሚያክል የለም!

በዚያ መድረክ ላይ ያልታየ ጉድ የለም። በ1981 በክሮዝቢ ማሟያ ምርጫ አንድ ተማሪ ስሙን «ታርኩዊን ፊን ቲም ሊን ቢን ዊን ቢም ሊም በስ ስቶፕ ፍታንግ ፍታንግ ኦሌ ቢስኪትባሬል» ብሎ ለውጦ ቀረበ! 223 ሰዎች መረጡት!

በቀጣዩ ዓመት ግላስጎው ውስጥ ቢል ቦክስ የተባሉ አዛውንት የባሕር ኃይል መኮንን ተወዳደሩ። ሕይወታቸውን የሰጡት ለእግረኞች ደኅንነት ነው። ስንት ድምፅ አገኙ? 5! አዎ፣ አምስት! ለፊርማው እንኳ አሥር ሰው ያስፈልጋል!

የለየላቸው እብዶች ፓርቲ የተመሠረተው በዚህ ጊዜ ነው። ሎርድ ሰች በፌብሩዋሪ 1983 በበርመንዚ ማሟያ ምርጫ በፓርቲው ስም ቀረቡ። ያገኙት 97 ድምፅ ነበር። ነገር ግን የነበሩት ታሪክ ሲሠራ ነው! በዚያ ምርጫ ከሌበር ወደ ሊበራሎች 44 በመቶ የሚበልጥ የድምፅ ሽግሽግ ታየ። በብሪታንያ የማሟያ ምርጫ ታሪክ እንዲህ ያለ አልታየም! አሸናፊው ሳይመን ሂዩዝ ወንበሩን ለ32 ዓመታት አልለቀቁም።

በዚያው በ1983 ጁን ወር ደግሞ ሎርዱ ፊንችሊ ደረሱ። የማርጋሬት ታቸር ወንበር! «የብረት እመቤት» በተባሉት ሴት ላይ የሬሳ ሳጥኑ ዘፋኝ! የነብር ቆዳ የሚመስል ልብስ፣ ረጅም ባርኔጣ፣ ሳህን የሚያህል የፓርቲ አበባ ደረት ላይ። ታቸር 19,616 ድምፅ፤ ሎርድ ሰች 235!

የእንግሊዝ መጠጥ ቤቶች ከሰዓት በኋላ በግድ ይዘጉ እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ሕጉ የመጣው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው፤ የጥይት ፋብሪካ ሠራተኞች ጠጥተው ሥራ እንዳያጓድሉ! ጦርነቱ አለቀ፣ ሌላም ጦርነት መጥቶ አለቀ፣ ሕጉ ግን 70 ዓመት ቆየ። ሎርዱ «ቀኑን ሙሉ ይከፈት!» አሉ። በ1988 ተከፈተ! ያስከፈተው መንግሥት የማን ነበር? የታቸር! ይኸው ሦስተኛው።

የፓርቲው ማኒፌስቶ የሚነበብ ነው! የአውሮፓ ማኅበረሰብ በዚያን ዘመን ገበሬው ያመረተውን ትርፍ ቅቤ እየገዛ መጋዘን ያከማች ነበር። ጋዜጦች «የቅቤ ተራራ» ይሉታል። እብዶቹ መፍትሔ አመጡ፤ ተራራ ከሆነማ የበረዶ መንሸራተቻ እናድርገው!

ዕቃ ሁሉ በ99 ፔኒ ከተሸጠ የ99 ፔኒ ሳንቲም ይቀረጽ አሉ፤ መልስ መቁጠር ቀረ! ለጤና የሚሮጡ ሰዎች ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መሮጫ ላይ ይሩጡ አሉ። ደግሞ የጠየቁት ጥያቄ አለ፤ ሞኖፖልን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ለምን አንድ ብቻ ሆነ? እስቲ ይመልሱት!

የዕጩዎች ማስያዣ ከ1918 ጀምሮ 150 ፓውንድ ነበር። 67 ዓመት አልተነካም! በ1985 መንግሥት ወደ 500 ፓውንድ ሰቀለው። እንዲህ ያሉ ዕጩዎች ይቀንሳሉ ተብሎ ታሰበ። ሎርድ ሰች ይቀራሉ? በጭራሽ! በየመድረኩ እየዘፈኑ ያገኙትን ገንዘብ ለምርጫ ማስያዣ ከፈሉ። 5 በመቶ ድምፅ ያላገኘ ገንዘቡ አይመለስለትም። አንድም ጊዜ አልተመለሰላቸውም!

ሊመለስላቸው ግን ጥቂት ነበር የቀረው! በሜይ 1994 በሮዘራም ማሟያ ምርጫ 1,114 ሰዎች መረጧቸው። 4.2 በመቶ! ከሁሉም ውድድሮቻቸው የሚበልጠው ውጤት ይህ ነው።

አሁን ከሁሉ የሚልቀውን ይስሙ! በ1981 አራት ስመ ጥር ፖለቲከኞች ሌበርን ለቀው ሶሻል ዴሞክራቲክ ፓርቲን መሠረቱ። በ1983 ከሊበራሎች ጋር ተጣምረው ከጠቅላላው ድምፅ ሩቡን ወሰዱ! በኋላ አብዛኛው ወገን ከሊበራሎች ጋር ተዋሃደ። የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዴቪድ ኦወን ግን አልዋሃድም ብለው በፓርቲው ስም ቀጠሉ። በሜይ 1990 በቡትል ማሟያ ምርጫ ሆነ። የኦወን ፓርቲ ዕጩ 155 ድምፅ አገኙ። ሎርድ ሰችስ? 418!

የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩ ሰው ፓርቲ በእብዶች ፓርቲ ተበለጠ! ሎርዱ ምን አደረጉ? ጥምረት እንፍጠር ብለው ጠየቋቸው! ጥምረቱ አልሆነም። ቀናት አልፈው፣ ጁን እንደገባ፣ የኦወን ፓርቲ ራሱን አፈረሰ። አንድም ወንበር ኖሯቸው የማያውቁት ሰው አንድ ብሔራዊ ፓርቲ ሲሸኙ ይታይዎት!

አንድ ሰው በአንድ ቀን በሦስት ቦታ መወዳደር እንደሚችልስ ያውቁ ኖሯል? ያኔ ይቻል ነበር! በ1992 ጠቅላላ ምርጫ ሎርድ ሰች በሦስቱም ታላላቅ ፓርቲዎች መሪዎች ላይ በአንዴ ተነሡ። በጆን ሜጀር፣ በኒል ኪኖክ፣ በፓዲ አሽዳውን! ከጠቅላይ ሚኒስትር ሜጀር ጋር በሃንቲንግደን ተፋጥጠው 728 ድምፅ አገኙ። የሜጀር አባት ደግሞ በወጣትነታቸው የሰርከስ ሰው ነበሩ! የሰርከሰኛ ልጅና ከሬሳ ሳጥን የሚነሣ ዘፋኝ ለአንድ ወንበር!

ዛሬ ያ አይቻልም። በ2006 የወጣ ሕግ ከአንድ በላይ በሆነ የምርጫ ክልል መወዳደርን ከልክሏል።

በ1993 ኒውበሪ በተባለ ቦታ ለአንዲት ወንበር 19 ዕጩዎች ተሰለፉ! ለማሟያ ምርጫ የዚያን ጊዜ ክብረ ወሰን ነው። ሎርድ ሰች ከ19ኙ አንዱ ነበሩ፤ እንዴት ይቀራሉ!

በ1997 ዊንቸስተር ውስጥ የሊበራል ዴሞክራቶቹ ማርክ ኦተን በ2 ድምፅ ብቻ አሸነፉ። ሁለት! ተሸናፊው ፍርድ ቤት ሄዱና ምርጫው ተሻረ። በኖቬምበር ተደገመ። ሎርድ ሰችም መጡ፣ 316 ድምፅ ወሰዱ። ኦተንስ? አሁን በ21,556 ድምፅ ብልጫ አሸነፉ! ሕዝቡ ድጋሚ መጠራቱ አስቆጥቶት ይሆን? ሳይሆን አይቀርም።

ያን ሁሉ ሰው ያሳቁት ሎርድ ለዓመታት ከድባቴ ሕመም ጋር ይታገሉ እንደነበር ብዙ ሰው አያውቅም ነበር። በ1997 እናታቸው ሞቱባቸው። ጁን 16 ቀን 1999 በ58 ዓመታቸው አረፉ። ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ሳይቀር የሐዘን ቃል ተሰማ። ከእናታቸው አጠገብ ፒነር ተቀበሩ።

ሎርዱ ውሻ ይወዱ ነበር። ከውጭ አገር ወደ ብሪታንያ የሚገባ ውሻ ወይም ድመት ስድስት ወር ተለይቶ ይቆይ እንደነበር ያውቁ ኖሯል? በእብድ ውሻ በሽታ ፍራቻ ነው። ሎርድ ሰች «ለቤት እንስሳት ፓስፖርት ይሰጣቸው!» ሲሉ ሰው በሳቅ ፈረሰ። ክትባትና መታወቂያ ያላቸው እንስሳት ያለ ማቆያ እንዲገቡ የተፈቀደው ፌብሩዋሪ 2000 ነው። እሳቸው ካረፉ ከስምንት ወር በኋላ! ይህን ሳይደርሱበት መቅረታቸው ከልብ ይቆጫል። አራት ሆነ አይደል?

ፓርቲው አዲስ መሪ መምረጥ ነበረበት። ሁለት ዕጩዎች ቀረቡ። አንደኛው አለን ሆፕ፤ «ሃውሊንግ ሎድ ሆፕ» ይባላሉ። ሁለተኛው ካትማንዱ። ካትማንዱ ማነው? የሆፕ ድመት! ድምፁ ተቆጠረ። እኩል ለእኩል ወጣ! ስለዚህ ሰውየውና ድመቱ የጋራ መሪዎች ሆኑ! ድመቱ በ2002 መኪና ገጭቶት እስኪሞት ድረስ ሥልጣኑ ላይ ነበር። በአውሮፓ የፓርቲ መሪ የነበረ ሌላ ድመት የሚያውቁ ከሆነ ይንገሩኝ!

ሆፕም ቀላል ሰው አልነበሩም። በወጣትነታቸው «ኬሪ ራፒድ» በሚል ስም ሮክ ይዘፍኑ ነበር። ፓርቲው በምርጫ አንድም ቦታ አላሸነፈም ብለው ከሆነ ይህን ይስሙ! በ1987 ሆፕ የአሽበርተን ከተማ ምክር ቤት አባል ሆኑ። እንዴት? ተፎካካሪ አልቀረበባቸውም! ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ የዚያችው ከተማ ከንቲባ ሆኑ። የለየላቸው እብዶች ፓርቲ ከንቲባ!

ፓርቲው ከሎርዱ ጋር ተቀበረ ብለው ነበር? ገና መች ተነካ! በ2017 ሆፕ ሜደንሄድ ሄዱ። የጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ የምርጫ ክልል! ሌሊት ውጤቱ ሲነገር ጠቅላይ ሚኒስትሯ መድረኩ ላይ ቆመዋል። ሆፕ በነጭ ሱፍና በባርኔጣ እዚያው ናቸው። ከእሳቸው ሌላ ደግሞ ራሱን በጥቁር ባልዲ የደፈነ «ሎርድ በኬትሄድ» የተባለ ዕጩ ቆሟል፤ እሱ ግን የእብዶቹ ፓርቲ ዕጩ አልነበረም!